በዝገት ላይ ቀለም? የአሮጌ መኪና ሞተር ቤትን ስለመቀባት

 

በሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የሚመላለስ ሰው መንገድ ዳር ኮፈናቸው ተከፍቶ የቆሙ አሮጌ መኪኖችን ማየቱ አይቀርም። ቮልስ አለች፣ ዲኤክስ ኮሮላ አለች፣ ላዳ አለች። አብዛኞቹ ከእኛ በዕድሜ ይበልጣሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። ለብዙ ቤተሰብ መኪናዋ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ናት።

ከእናንተ ከወንድሞችና እህቶች ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። «አባቴ የመኪናውን ሞተር ቤት ሊያስቀባ ነው፤ አንቲረስት ገዝተን ራሳችን ብንቀባው ይበቃል?» የሚል ነው። አጭሩ መልስ፦ ራሳችሁ መቀባት ትችላላችሁ፤ ቀለሙ ብቻውን ግን አይበቃም። አንቲረስት ከዝገት የጸዳ ብረትን ይጠብቃል እንጂ የዛገን ብረት አያክምም። ይህ ለምን እንደሆነ የገባው ሰው የሥራውን ቅደም ተከተል ራሱ ሊያወጣው ይችላል።

ዝገት እንዴት ይሠራል?

ብረት በተፈጥሮው የሚገኘው ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በማዕድን መልክ ነው። በምድጃ ብዙ ኃይል አፍስሰን ኦክስጅኑን ስናስወጣበት የምናውቀው ብረት ይሆናል። ዝገት ማለት ብረቱ ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለሱ ነው። ለዚህም ከብረቱ ሌላ ውሃና ኦክስጅን ያስፈልጉታል። አሲድ ወይም ጨው ሲጨመርበት ይፋጠናል።

አሠራሩ ከትንሽ ባትሪ ጋር ይመሳሰላል። በላሜራው አንድ ነጥብ ላይ ብረቱ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ በሌላ ነጥብ ላይ ኦክስጅንና ውሃ ያንን ኤሌክትሮን ይቀበላሉ። በመካከል ያለው እርጥበት ሁለቱን ነጥቦች ያገናኛቸዋል። እርጥበቱ ከሌለ ወረዳው ይቋረጣል፤ ዝገቱም ይቆማል።

የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ጥቅጥቅ ብሎ የራሱን ብረት ይሸፍናል። የብረት ዝገት ግን ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይመጣል፣ ይዞም ይቆያል። በዚያ ላይ ዝገቱ ከተሠራበት ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። እንግዲህ በዚህ ስፖንጅ ላይ ቀለም ስንቀባ የሚሆነውን አስቡት። ውሃውንም አሲዱንም ከሥር ቆልፈንበታል። ዝገቱ እያበጠ ቀለሙን ከሥሩ ይገፋዋል፤ ቀለሙ ይነፋል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ሌላ ውሃ ይገባል። ከላይ አዲስ የሚመስለው ቦታ ከሥር ይበላል። የመኪና ላሜራ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ የሚበላው ነገር ብዙ አይደለም።

የአዲስ አበባ መኪና ከየት በኩል ይዝጋል?

ከተማችን ከባሕር የራቀች ናት፤ እንደ አውሮፓ ክረምት በረዶ ለማቅለጥ ጨው የሚነሰነስበት መንገድም የላትም። አሮጌ መኪኖች እዚህ ብዙ ዓመት የሚቆዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሆኖም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ አለ፤ በበጋ ጠዋት በቀዘቀዘ ብረት ላይ የሚያርፈው ጤዛም አለ። በሞተር ቤት ውስጥ ደግሞ የሚከተሉት ይጨመሩበታል።

አንደኛ፣ ባትሪ። በባትሪው ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ቻርጅ ሲደረግ በጥቃቅን ጠብታ መልክ ይወጣና በባትሪው ማስቀመጫ ላይ ያርፋል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚበሳው ላሜራ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ የፍሬን ዘይት። የተለመደው የፍሬን ዘይት ቀለም ያልጣል። ከፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ሥር ያለው ላሜራ ቀለሙ ተልጦ ከተገኘ ከመቀባት በፊት ፍሳሹን ማስቆም ይገባል።

ሦስተኛ፣ ቅጠል። መኪናው የባሕር ዛፍ ወይም የጽድ ጥላ ሥር የሚያድር ከሆነ ቅጠሉ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውረጃዎች ይደፍናል። እርጥብ ቅጠል ደግሞ ለሳምንታት አይደርቅም።

አራተኛ፣ አስተጣጠብ። ላቫጆ ላይ ሞተሩ በናፍታ ወይም በነጭ ጋዝ ሲታጠብ ያብረቀርቃል፤ ስስ የዘይት ሽፋን ግን ይቀርበታል። ይህ ሽፋን ለጊዜው ዝገትን ሊያዘገይ ይችላል፤ ቀለም እንዳይይዝ ግን ያደርጋል። «የተቃጠለ ዘይት ቀቡበት» የሚለውንም ምክር አንቀበለውም። ያገለገለ ዘይት አሲድ አለው፣ ጎማ ያለሰልሳል፣ በጋለ ሞተር አጠገብ ደግሞ እሳት መጥሪያ ነው።

ቮልስ ለብቻዋ የምትታይበት ምክንያት

ቮልስዋገን ቢትል በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው በ1995 ዓ.ም. ሐምሌ ወር (እ.ኤ.አ. 2003) ሜክሲኮ ውስጥ ነው። በአገራችን ታሪክም ስሟ አለ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ያስወጣቸው በቮልስዋገን ነበር።

ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። ራዲያተር የላትም። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት የላሜራ ሽፋኖች ለመልክ የተቀመጡ አይደሉም። ማራገቢያው የሚነፋውን ቀዝቃዛ አየር በሲሊንደሮቹ ላይ እንዲያልፍ የሚመሩት፣ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ሞተር ቤት እንዳይገባ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። በጠርዛቸው የሚዞረው ጎማም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ከእነዚህ ላሜራዎች አንዱ ዝጎ ሲበሳ መኪናዋ ራዲያተሩ የሚያፈስ መኪና ማለት ናት።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር በክብደት ያነሰ ነው፤ የሚሸከመው ሙቀትም እንደዚያው።

በየካቲቱ የሴሚስተር እረፍት ሦስት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሆነን ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ የአንድ ወንድማችንን አባት ቮልስ ለመሥራት ተባብረን ነበር። መኪናዋ የሽሮ ሜዳን ዳገት ስትወጣ ከመጠን በላይ ትግላለች። ሞተር ቤቷ ሲከፈት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ነበረው። ባትላሜራው በካቻቢቴ ጫፍ መታ መታ ሲያደርገው ግን በአንድ በኩል ድምፁ ደነዘዘ። ቀለሙ ሲፋቅ ስቱኮ ወጣ፤ ስቱኮው ሲነሳ የእጅ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ታየ። ከዓመታት በፊት የቀባት ሰው ዝገቱን ሳይነካ ሸፍኖት ሄዷል። ስቱኮ ራሱ ውሃ ይመጣል፤ በዝገት ላይ ሲደረግ እርጥብ ጨርቅ በቁስል ላይ እንደማሰር ነው።

የትኛውን ቀለም እንግዛ?

ፀረ ዝገት ቀለሞች የሚሠሩት በሦስት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ ውሃና ኦክስጅን ወደ ብረቱ እንዳይደርሱ ይጋርዳሉ፤ ኢፖክሲ ፕራይመር የዚህ ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ እንደ ዚንክ ፎስፌት ያለ ውሕድ ስላለባቸው የዝገቱን ኬሚካላዊ ሂደት ያዘገያሉ። ሌሎቹ በዚንክ ብናኝ የተሞሉ ናቸው፤ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱን እያስበላ ብረቱን ያተርፋል።

በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ለአጥርና ለበር የሚሸጠው ቀይ አንቲረስት አብዛኛውን ጊዜ በአልኪድ የተሠራ ነው። ቀይ ቀለሙ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ቀይ መሆኑ ብቻ ግን ፀረ ዝገት አያደርገውም። ጣሳው ላይ ዚንክ ፎስፌት ወይም ሌላ ዝገት ተከላካይ መኖሩ መጻፉን እዩ። ለግቢ በር ይህ ቀለም ጥሩ ነው። ለሞተር ቤት ግን ድክመት አለበት፦ ቤንዚንና የፍሬን ዘይት ያለሰልሱታል፤ ከላዩ ሃርድነር ያለው የመኪና ቀለም ከተረጨበትም ጠንካራው ቲነር ከሥር ያነሳውና ይሸበሸባል። አቅም ከፈቀደ ለሞተር ቤት ሃርድነር ያለው ኢፖክሲ ፕራይመር ይሻላል። አቅም ካልፈቀደ አልኪዱን ተጠቅሞ ከላዩም የአልኪድ ቀለም ብቻ መቀባት ነው፤ ሁለቱን ቤተሰብ አታቀላቅሉ።

ዝገት ለዋጭ የሚባሉ ፈሳሾችም አሉ። በውስጣቸው ያለው ፎስፎሪክ ወይም ታኒክ አሲድ ቀሪውን ስስ ዝገት ወደ ማይነቃነቅ ጥቁር ወይም ግራጫ ውሕድ ይቀይረዋል። ጥቅማቸው የሽቦ ብሩሽ በማይደርስባቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ላይ ነው። ቅርፊት የሠራ ዝገትን ዘልቀው አይገቡም። ኮካ ኮላም ፎስፎሪክ አሲድ አለው እየተባለ ይወራል፤ እውነት ነው፣ ግን መጠኑ ትንሽ ነው፤ ስኳሩ ደግሞ ብረቱ ላይ ይቀራል።

ስለ እርሳስም አንድ ቃል። ጥንት ፀረ ዝገት ቀለም የሚሠራው በእርሳስ ኦክሳይድ ነበር፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስናለች። ከአሮጌ መኪና የምትፍቁት ቀለም ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በደረቁ እየፈጋችሁ አታቡንኑት፤ በውሃ እያራሳችሁ ፈግፍጉት፣ ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ አስወግዱ፣ ልጆች አታስጠጉ።

መጠኑን በተመለከተ የምህንድስና ስሌት ይረዳል። የሞተር ቤት የሚቀባ ገጽ በግምት 2 ካሬ ሜትር ብንል ሁለት ጊዜ ሲቀባ 4 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሊትር ፕራይመር አንድ ጊዜ ሲቀባ በተለምዶ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ብክነቱን ጨምሮ ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ይበቃል ማለት ነው። አራት ሊትር እንድትገዙ የሚገፋፋችሁ ካለ ስሌቱን አሳዩት።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. የባትሪውን ገመድ ፍቱ፤ መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን። ባትሪውን አውጥታችሁ ራቅ አድርጉት። ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን ከግራይንደር ብልጭታ ጋር ከተገናኘ ይፈነዳል። የሚያፈስ የቤንዚን ቱቦ ካለም አስቀድሞ ይጠገን።

2. ላሜራውን በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብላችሁ መርምሩ። ጫፉ ከገባ ወይም ላሜራው ከተለመጠ ቀለም አይረዳውም፤ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት።

3. የባትሪውን ማስቀመጫ በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ። በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፤ አረፋ ማውጣቱ እስኪቆም ድገሙት፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ።

4. ዘይቱን በፈሳሽ ሳሙናና በሙቅ ውሃ አጽዱ። ንጽሕናውን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ፦ ንጹሕ ውሃ ርጩበት። ውሃው እንደ ስስ ሽፋን ሳይቋረጥ ከተዘረጋ ዘይቱ ወጥቷል፤ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከተሰበሰበ ገና ነው። ይህን ከፍቅፋቱ በፊት ማድረግ ይገባል፤ አለበለዚያ የብርጭቆ ወረቀቱ ዘይቱን ወደ ጭረቶቹ ያስገባዋል።

5. ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና ቁጥር 80 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት አውጡ፤ ብረቱ ግራጫ ሆኖ እስኪታይ። ጤነኛው የድሮ ቀለም ሁሉ መነሳት የለበትም፤ ጠርዙ በእጅ ሲዳሰስ እርከን እስከማይኖረው በቁጥር 180 ማለስለስ ይበቃል።

6. በንጹሕ ጨርቅና በቲነር ወልውላችሁ አድርቁ። የተራቆተ ብረት በእጅ አይነካም፤ የጣት ላብ ጨው አለው።

7. በዚያው ቀን ፕራይመሩን ቀቡ። የተራቆተ ብረት ካደረ አዲስ ዝገት ይጀምራል። ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ በዓይን የማይታይ ጤዛ ይኖረዋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይመረጣል። ፀሐይ ያሞቀውን ብረት ይዛችሁ ከዙህር ሶላት በፊት የመጀመሪያውን፣ ጣሳው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ ጠብቃችሁ ሁለተኛውን ቀቡ። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል፤ ወፍራሙ ከላይ ደርቆ ከውስጥ ቲነሩን ይዞ ይቀራል።

8. የላዩን ቀለም ቀቡ። ነጣ ያለ ቀለም ይመረጣል፤ የዘይት ወይም የፍሬን ፍሳሽ ሲጀምር ወዲያው ይታይበታል።

የማይቀቡ ቦታዎች

የጭስ ማውጫውና ማርሚታው በተራ ቀለም አይቀቡም፤ በብዙ መቶ ዲግሪ ስለሚግሉ ቀለሙ ይቃጠላል፣ ይጨሳል። ለእነሱ የሚሆነው ሙቀት የሚቋቋም ልዩ ቀለም ነው። የቮልስ ሲሊንደር ክንፎችና የዘይት ማቀዝቀዣውም በቀለም አይደፈኑ፤ ወፍራም ቀለም ሙቀቱን እንዳይወጣ ይይዘዋል።

የኤሌክትሪክ ማሳ የሚታሰርባቸው ነጥቦች ብረት ለብረት መነካካት አለባቸው። በወረቀት ፕላስተር ሸፍኗቸው፤ ቀለም ከገባበት መብራቱ ይደክማል፣ ሞተሩም በግድ ይነሳል።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሮችን አትቅበሩ። ለቦሎም ሆነ ለስም ማዛወር ይነበባሉ። በቮልስ ላይ የሻንሲው ቁጥር ያለው ከኋላ መቀመጫው ሥር ነው፤ ባትሪዋም እዚያው በቀኝ በኩል ስለሆነ ስትፈግፍጉ ጥንቃቄ ይደረግ። ቁጥሩን ሽሮ መፈግፈግ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

በመጨረሻም የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። በግራይንደር አትንኩት፤ የማግኒዥየም ብናኝ ከተቀጣጠለ በውሃ አይጠፋም፣ ይብስበታል።

ለሠራተኛው

ቲነርና ኢፖክሲ በዝግ ክፍል ውስጥ አይሠራባቸውም። የጨርቅ ማስክ አቧራ እንጂ የቲነር ትነት አያግድም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ከሌላችሁ በተንጣለለ ቦታ በብሩሽ ቀቡ፣ አትርጩ። ሃርድነር ቆዳ ላይ ሲያርፍ አለርጂ ሊያስከትል ስለሚችል ጓንት አድርጉ። ጓንቱ ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው፦ ቆዳና ጥፍር ላይ የደረቀ ቀለም ውሃ እንዳይደርስ የሚጋርድ ሽፋን ስለሆነ ከውዱእ በፊት መነሳት አለበት። እንደ ሂና ሽፋን ሳይኖረው ቀለሙ ብቻ የቀረ ከሆነ ግን አይከለክልም። የደረቀውን በቲነር ከመፋቅ በምግብ ዘይት አለስልሶ በሳሙና ማጠብ ለቆዳ ይሻላል።

ለሽያጭ የሚቀባ ሞተር ቤት

ሞተር ቤት ብዙ ጊዜ የሚቀባው መኪናው ሊሸጥ ሲል ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ወደ አንድ የእህል ክምር እጃቸውን ሰደው ከውስጥ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሻጩም ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው እንደጠየቁት፣ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው እንዳልሆነ እንደተናገሩ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ያው ደረቅ እህል የለበሰ እርጥብ እህል ነው። ገዢው የሚያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የፍሬን ሲሊንደር የታሰረበት ላሜራ ተበልቶ ከሆነ ቤተሰቡን ይዞ ዳገት ላይ ፍሬን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ የምትሠሩ ከሆነ በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፦ ከመፈግፈጉ በፊት፣ ብረቱ ሲራቆት፣ ላሜራ ሲበየድ፣ ፕራይመሩ ሲቀባ። ባለቤቱ መኪናውን ሊሸጥ ሲፈልግ ፎቶዎቹን ለገዢ ያሳያል፤ በትክክል የተሠራ ሥራም ዋጋውን ያገኛል። የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አዲስ የተቀባ ሞተር ቤት ስታዩ የሥራውን ፎቶ ጠይቁ። ከሌለ ባትሪውን አስነሥታችሁ ማስቀመጫውን ዳስሱ፤ በትንሽ ማግኔትም ፈትኑት። ስቱኮ ከሥሩ ካለ ማግኔቱ አይይዝም። ቀለሙ ያላሳያችሁን እጃችሁ ይነግራችኋል።